ሹፌር የሚባል ድመትና ዛፉ

ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ማንያታ ሰፈር ገብቶ «ፉንዲ ፌይዝ የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ አናጺው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ከአናጺው ውሸቶች አንዱ ይደርሰዋል። ኡራን መንደር ላይ የተነሳ አውሎ ነፋስ አንዲት አህያ ከነጭነቷ አንስቶ ኦቦ ላይ ቀስ አድርጎ ሲያሳርፋት በዓይኔ አይቻለሁ ያለው እሱ ነው። አህያዋ ዞር ብላ ነፋሱን አመስግናለች ብሎም ጨምሯል። አንድ የድርቅ ዓመት ደግሞ የሠራው አልጋ ውሃ ጥም ጠንቶበት በአራት እግሩ እየተራመደ እስከ ጉድጓዱ ወርዶ ነበር ሲል ምሏል። ምስክር ሲጠየቅ «አልጋውን ጠይቁት» አለ።

ሰው ይስቅና በር ያዛል። አፉ ቢዋሽ እጁ አይዋሽማ! ሰባተኛ ክፍል ላይ ደብተሩን ጥሎ መጋዝ ካነሳ ጀምሮ የፌይዝ በር ሲንጋደድ፣ የፌይዝ አልጋ ሲጮህ ታይቶም ተሰምቶም አያውቅም።

የሀጂ አብዱራሺድ ልጅ ሙጂባ ወደዚህ ሰው የመጣችው አንድ ማክሰኞ ከአሱር ሶላት በኋላ ነው። ገበያው መሃል ካለው የአባቷ የጨርቅ ሱቅ በእግሯ ስትመጣ ቀዩ አቧራ የቀሚሷን ጫፍ ነክቶታል። ፌይዝ በር እየላገ ነበር። ሰጋቱራው ቅንድቡ ላይ ተቀምጧል።

«ፉንዲ፣ ዛፍ ትሠራለህ?»

መላጊያውን አቆመ። «ዛፍ የሚሠራው አላህ ነው። እኔ የማውቀው ማፍረሱን ነው።»

«ለድመት ነው።»

ስልኳን አውጥታ አሳየችው። በሰው አገር አንዲት ወፍራም ድመት ገመድ በተጠመጠመበት ምሰሶ ላይ፣ ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው እየዘለለች እንደ ባለሥልጣን ትንጎራደዳለች።

«ይኼማ!» አለ ፌይዝ፣ በሕይወቱ አይቶት የማያውቀውን ነገር በአውራ ጣቱ እየነካ። «ስንቱን ሠርቻለሁ! ማርሳቢት ጫካ ውስጥ ለአንድ ነብር ሠርቼለት፣ ጠቦት ይዞ ሊያመሰግነኝ መጥቷል።»

«ጠቦቱን ምን አደረግከው?»

«አብረን በላነው። ጉበቱን ለእኔ ተወልኝ።»

የሙጂባ ሳቅ ቶሎ የሚመጣ ሳቅ አይደለም። መጀመሪያ ዓይኗ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ትንሽ ያርፋል፤ ከዚያ መንገድ እንደማያውቅ እንግዳ ቀስ እያለ ወደ ከንፈሯ ይወርዳል። ፌይዝ ሰው ሲስቅለት የኖረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሳቅ ሲመጣ ግን ቆሞ ጠብቆ አያውቅም። ሳቁ ካለፈ በኋላም መላጊያውን የት እንዳስቀመጠው ለማግኘት ብዙ ፈለገ። እጁ ላይ ነበር።

«ድመታችን ሽማግሌ ነው» አለች። «አሥራ ሰባት ዓመቱ። ግልገል ሆኖ ከኢሲዮሎ በሎሪ ጋቢና ተቀምጦ ነው የመጣው። መሪው ላይ እጁን ጭኖ ስላገኘው አባዬ ሹፌር ብሎ ስም አወጣለት። ዕድሜውን በሙሉ የሱቁ የመጨረሻ መደርደሪያ ላይ፣ ከጣቃዎቹ በላይ ነበር የሚተኛው። ካለፈው ረመዳን ወዲህ የኋላ እግሩ አልታዘዝ አለው። ከታች ሆኖ ወደ ላይ ያያል። አባዬ ደግሞ እሱን ያያል። ከዚያ ሁለቱም ሌላ ቦታ ያያሉ።»

ፌይዝ ለዚህ የሚሆን ቀልድ ፈለገ፤ አጣ። «ነገ መጥቼ እለካዋለሁ» አለ።

ሱቁ ከሰዓት በኋላ ሌላ አገር ነው። ከውጭ የሎሪው ጩኸት፣ የፍየሉ ጩኸት፣ የሦስት ቋንቋ ግርግር አለ። መጋረጃውን አልፎ የገባ ሰው ግን ድምፁ ሁሉ ጨርቅ ውስጥ ሲሰምጥ ይሰማዋል። በቆርቆሮው ጣሪያ የሚስማር ቀዳዳዎች የሚገባው ፀሐይ ሽርጡ ላይ፣ ሻሹ ላይ፣ የሰው ትከሻ ላይ ትንንሽ ክብ ብርሃን ይጥላል። ፀሐይዋ ስትሄድ ብርሃኖቹም አብረዋት ከጣቃ ወደ ጣቃ ይሄዳሉ። እዚያ ውስጥ ብዙ የቆየ ሰው የሱቁ ወለል ከምድር አንድ ክንድ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ ይመስለዋል።

ሀጂ አብዱራሺድ ጥግ ላይ መስበሃቸውን ይቆጥራሉ። በቀን የሚናገሩት ቃል ከመስበሃው ፍሬ አይበልጥም። ፌይዝን ሲያዩ «ድመቴ አጠገብ መጋዝ እንዳታወጣ» አሉ። የዛሬውን ቃላቸውን ግማሽ ጨረሱ።

ሹፌር ግራጫ ነው፤ አንድ ጆሮው በወጣትነት ጠብ ተሰንጥቋል። ሙጂባ ሽርጦች እያጠፈች አንድ በአንድ ደረደረች፤ ከላይ ትንሽ የግመል ጉበት አስቀመጠች። አራት ሽርጥ ሲሆን ድመቱ ወጣ። አምስት ሲሆን አስቦ ወጣ። ስድስት ሲሆን ጉበቱን አየ፣ እግሩን አየ፣ ከዚያ ጉበት ወዶ የማያውቅ ሰው መስሎ ፊቱን አዞረ።

«አምስት ሽርጥ ነው ልኩ» አለች ዝቅ ብላ ስድስተኛውን እያነሳች። «ሜትርህን አምጣ።»

«ሜትሬን ግመል በላው።» እውነቱ፣ ከቤት ሲወጣ ሸሚዙን ሦስት ጊዜ ሲቀይር ሜትሩን ረስቶታል።

«በስንዝር እንለካዋ።»

ሁለቱም ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። የእሱ ስንዝር ከሽርጦቹ ክምር ሁለት ጣት አለፈ። የእሷ ስንዝር ልክ ሆነ፤ አውራ ጣቷ ወለሉ ላይ፣ ትንሿ ጣቷ የመጨረሻው ሽርጥ ጠርዝ ላይ። አንዱ የብርሃን ክብ መጥቶ በሁለቱ እጆች መካከል ቆመ።

«በማን ስንዝር ይሠራ?» አለ ፌይዝ።

«በእኔ። ድመቱ የእኛ ነው።»

የጣውላ ቁራጭ ዘረጋላት። እጇን ከፍታ አስቀመጠች። በእርሳስ ከአውራ ጣቷ ጫፍ አንድ ምልክት፣ ከትንሿ ጣቷ ጫፍ ሌላ ምልክት አደረገ፤ ጣቷን ሳይነካ። ይህን ለማድረግ አንድ ሙሉ በር የሚሠራበትን ያህል ጊዜ ወሰደበት። ጥግ ላይ መስበሃው ቆሞ እንደነበር ያስተዋለ የለም፤ ከድመቱ በስተቀር።

ከዚያ በኋላ ፌይዝ በየቀኑ ከአሱር በኋላ ይመጣል። አንድ ቀን የመደርደሪያውን ከፍታ ሊለካ፣ ሌላ ቀን የለካውን ሊያረጋግጥ፣ ሌላ ቀን ያረጋገጠውን ረስቶ። ደረጃው ስምንት እንዲሆን፣ እንደ ጠመዝማዛ መንገድ እንዲዞር፣ እያንዳንዱም አርጅቶ የደከመው መንገድ ላይ ተኝቶ የሚያርፍበት ስፋት እንዲኖረው ተስማሙ። ሙጂባ ከጣቃ ጫፍ የተረፉ ለስላሳ ጨርቆች መረጠች። እሱ የኡራንን ጉድጓድ፣ ውሃ ሲቀዱበት ትናንት የተዘፈነውን ዘፈን መልሶ የሚዘፍነውን ጉድጓድ ተረከላት። ሳቋ መጣ፣ ዓይኗ ውስጥ አረፈ፣ ወረደ። ቀኖቹ እንዲህ ተንሳፈፉ።

ሰኞ ዕለት ሽርጥ እያጠፈች ቀና ሳትል ተናገረች።

«ባለፈው ዓርብ ከናይሮቢ ሽማግሌ መጥቶ ነበር። የመሐዲ ቤተሰብ ልከውት፣ እኔን ለልጃቸው ሊጠይቅ። አባዬ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መልስ ይሰጣል።»

«አባትሽ ጠየቁሽ?»

«ጠየቀኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ገና ምንም። እስከ ዓርብ ዝም ካልኩ እሺ ማለቴ ነው። የልጃገረድ ዝምታ ፈቃዷ ነው፤ ደንቡን ታውቀዋለህ።»

የምታጥፈውን ሽርጥ አቆመች። ይህ የመናገሪያው ቦታ ነበር፤ ድመቱም ቢሆን ያውቀዋል። ፌይዝ አፉን ከፈተ። ከዚያ አፍ ደግሞ የለመደው ወጣ።

«እኔ ባገባሽ እኮ ሙሽራዋን በሎሪ አልወስድም። አንድ ሺህ ወፍ አሠልጥኜ፣ በአልጋሽ እንደተቀመጥሽ፣ በላይ በላይ…»

የሙጂባ ሳቅ አልመጣም። የሚጠበቅ ሰው ያልመጣበትን መንገድ እንደሚያይ ሰው አየችው።

«ፌይዝ፣ አንድ ቀን እውነት ብትናገር፣ እውነት መሆኑን እኔ በምን አውቃለሁ?»

ሁለቱም የድመቱን ጆሮ ማየት ጀመሩ።

ማክሰኞ ዛፉን ሲሠራ ልቡ እጁ ላይ አልነበረም። የሞያሌ ምስጥ ደግሞ የዋዛ ምስጥ አይደለም፤ አልጋ ከሁለት ዓርብ መሃል ይጨርስና፣ የተኛው ሰው መሬት ላይ ሲነቃ «ማን አወረደኝ?» ይላል። ስለዚህ የዚህ አገር አናጺ ሁሉ መሬት የሚነካ እንጨት ሲያገኝ ሳያስብ ከጋራዥ ያመጣውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባዋል። የፌይዝ እጅም ሳይጠይቀው ቀባ። እግሩን ብቻ አይደለም፤ ሀሳቡ ናይሮቢ ስለነበር ምሰሶውን እስከ ጫፉ አጠጣው። ከላይ የቃጫ ገመድ ጠመጠመበት፤ ሹፌር ጥፍሩን የሚስልበት ነው።

ሙጂባ ልታይ ስትመጣ አፍንጫዋን ጠጋ አደረገች። «ምን ቀብተኸው ነው? ይሸታል።»

የተቃጠለ ዘይት ማለት አስቀያሚ ቃል መሰለው። ከትናንት ጀምሮም ሳቋ ጠፍቶበታል።

«ኡራን ውስጥ ንብ እንኳ የማይደፍረው ዛፍ አለ፤ የእሱ ሙጫ ነው። እሱን የተቀባ እንጨት ቆርጠውትም በየዓመቱ ያብባል። አንድ ጊዜ በር ሠርቼበት፣ ባለቤቱ ጠዋት ሲወጣ በሩ ሎሚ አፍርቶ ጠበቀው።»

ሳቋ መጣ። ዓይኗ ውስጥ አረፈ። ፌይዝ የምድርና የሰማይ ባለቤት ሆነ።

ረቡዕ ዛፉ ሱቁ ውስጥ ቆመ። ሹፌር ዞረው፣ አሸተተው፣ ገመዱን ቧጨረው፣ እግሩን ላሰ። ከዚያ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ወጣ። ሁለተኛው። ሦስተኛው ላይ ተኝቶ አረፈ፤ ሱቅ የሞላው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ አብሮት አረፈ። ስምንተኛው ላይ ደርሶ የድሮ ቦታው ላይ ሲቀመጥ ለሁሉም ጀርባውን ሰጠ።

«ተመለሰ» አሉ ሀጂ አብዱራሺድ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረው የተደረደረ ጨርቅ እንደገና መደርደር ጀመሩ። ብዙ ቆዩ።

ሐሙስ ከሰዓት ሙጂባ ማንያታ የደረሰችው በሩጫ ነው። ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወድቋል።

«ሹፌር አረፋ እየደፈቀ ነው! ከትናንት ጀምሮ ገመዱን ሲቧጭርና እግሩን ሲልስ ነበር። ዳክታሪ ፍራንሲስ መጥቷል። የግመል ሐኪም ነው፣ ግን ሌላ የለም። የዛፉን ስም ጠይቂልኝ፣ ሙጫው የምን እንደሆነ ካወቅኩ የምሰጠውን አውቃለሁ አለ። ንገረኝ፣ ስሙ ማነው?»

ስም ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። የዛፉ ስም ብቻ አይደለም፤ የሚበቅልበት ኮረብታ፣ የቆረጠው ሽማግሌ፣ የሽማግሌው ሚስት ጭምር ተሰልፈው ቆመዋል። ሙጂባ እየጠበቀች ነው፤ የሚለውን ሁሉ ልታምን እየጠበቀች ነው። ያየው ይህን ነው።

«ዛፍ የለም» አለ።

«ምን?»

«የተቃጠለ ዘይት ነው። የሎሪ ሞተር ዘይት። ለምስጥ የምንቀባው። ዋሽቼሻለሁ።»

«ለምን?»

«ሳቅሽ ቀርቶብኝ ነበር።»

ሙጂባ ሻሿን አንስታ ተመልሳ ሮጠች። ፌይዝም መጋዙን እንደያዘ ከኋላዋ ሮጠ፤ መጋዝ መያዙን ያወቀው መንገድ ላይ የፒኪፒኪ ሞተር ሳይክል ነጂ ሲሸሸው ነው።

ሱቁ ውስጥ ገዢዎች ቆመዋል። ፍራንሲስ ቦት ጫማውን ሳያወልቅ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ድመቱን በሽርጥ ይዟል። ፌይዝ ሀጂ አብዱራሺድ ፊት ቆመ።

«ሀጂ፣ መርዙን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ዘይት ቀብቼ ሙጫ ነው አልኩ። ሙጂባ አታውቅም ነበር። እኔ ነኝ።»

ሀጂ መስበሃቸውን አስቀመጡ። «አገሩ ሁሉ ሲስቅልህ፣ እኔ አንድ ቀን ስቄ አውቃለሁ?»

«አያውቁም።»

«ለምን ይመስልሃል?»

«አላውቅም፣ ሀጂ።»

«አባቴም እንዳንተ ነበር። ሲሞት፣ አሞኛል ብሎን ማንም አላመነውም።» ከዚያ ወደ ድመቱ አመለከቱ። «ያዘው።»

«ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ!» አለ ፍራንሲስ። «እንዲያስመልስ አታድርጉት። በውሃ አትጀምሩ። መጀመሪያ በምግብ ዘይት እሹት፣ የሞተሩን ዘይት ያስለቅቀዋል። ከዚያ ለብ ያለ ውሃና ሳሙና። አንተ ራሱን ያዝ፤ እሷ ትጠበው። ቢቧጭርህ ተቀበል።»

ሹፌር ቧጨረ። የቀረችውን ጉልበት በሙሉ የፌይዝ ክንድ ላይ አዋላት። ፌይዝ አልለቀቀም። ሙጂባ እግሩን በየጣቱ መሃል አሸች፤ አረፋው ጥቁር ወጣ፣ ከዚያ ግራጫ፣ ከዚያ ነጭ። አንዴ አረፋው ውስጥ ጣታቸው ተገናኘ። ጣቷን አላነሳችም፤ ደግሞም አላየችውም። የብርሃን ክቦቹ ከጣቃ ወደ ጣቃ ሄደው አለቁ።

ፌይዝ ዛፉን በጀርባው ተሸክሞ ወጣ።

ዓርብ ጠዋት ሹፌር አራት ማንኪያ የሥጋ ሾርባ ጠጣ። ወሬው ማንያታ ሲደርስ ፌይዝ የሰማው አልመሰለም። አዲስ እንጨት እየላገ ነበር፤ አዲስ ምሰሶ፣ አዲስ ገመድ፣ ስምንቱም ደረጃ በዚያው ስንዝር። ለወሬ የመጣ ሰው ሁሉ አንድ ተረት ቢጠብቅ «ሥራ ላይ ነኝ» ብቻ አላቸው። ፌይዝ ታመመ ተባለ።

ከጁምዓ በኋላ የመሐዲ ሽማግሌዎች ከሱቁ ጀርባ ባለው የእንግዳ ክፍል ሻይ ይጠጣሉ። ሀጂ አብዱራሺድ ወደ እነሱ ሊገቡ መጋረጃውን እንደያዙ ፌይዝ አዲሱን ዛፍ ተሸክሞ ደረሰ። የድሮው ቦታ ላይ አቆመው። ሹፌር ከጨርቁ ላይ ተነሳ፤ እየተንገዳገደ መጣ፤ ብዙ አሸተተ። አንድ ደረጃ ወጣና ተኛ።

ሀጂ ልጃቸውን አዩ። ሙጂባ ዝም ብላለች። ሰባት ቀን ሙሉ ዝም ብላለች። መጋረጃውን ገለጡ።

«አባዬ፣ ቆይ። አንድ ነገር ልጠይቀው።»

ሀጂ መጋረጃው ላይ እጃቸውን እንዳደረጉ ቆሙ።

«ምን ቀባኸው?» አለች ሙጂባ።

«ምንም።»

«ጭራሽ ምንም?»

«ምንም። ላቡን ካልቆጠርሽው።»

«ታዲያ ስንት ዓመት ይቆያል?»

በዓለም ላይ ያለ አናጺ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የታወቀ መልስ አለው፤ «የልጅ ልጅሽ ትወርሰዋለች» ይላል። ፌይዝ ግንባሩን ጠረገ።

«አንድ ዝናብ። ሁለተኛውን አይሻገርም። ምስጡ እግሩን ይበላዋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እንደገና መሥራት ነው። ሹፌር እስካለ ድረስ፣ በየዓመቱ። ሌላ ዘዴ ቢኖር እነግርሽ ነበር። የለም።»

ሙጂባ ተመለከተችው። ቧጨራ የሞላውን ክንዱን፣ ያልተላጨ አገጩን፣ አንድም ተረት የሌለበትን ፊቱን። እስኪመጣ ትጠብቀው የነበረ ሰው ከሩቅ እየቀረበ ሲመጣ እንደሚታይ፣ እንዲያ አየችው። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ ዝምታዬን ለናይሮቢ እንዳትሰጥብኝ። እየተናገርኩ ነው።»

«ምን እያልሽ ነው?»

«በየዓመቱ የሚሠራ ሰው ካስፈለገን፣ ከማንያታ እዚህ ድረስ ለምን እናመላልሰዋለን?»

ሀጂ አብዱራሺድ ድመቱን አዩ። ድመቱ እሳቸውን አየ። በዚህ ጊዜ ማንኛቸውም ሌላ ቦታ አላዩም። ሀጂ መጋረጃውን ገልጠው ገቡ፤ ከውስጥ ድምፃቸው ተሰማ፤ «እንግዶቼ፣ ስላከበራችሁን አላህ ያክብራችሁ። ልጄ ግን ቃሏን ለሌላ ሰው ሰጥታለች።» የሻይ ብርጭቆ ሲቀመጥ ተሰማ።

ሲመለሱ ፌይዝ ባለበት ቆሞ ነበር፤ እግሩ መሬት መንካቱን እርግጠኛ አይደለም።

«ሽማግሌ ላክ» አሉት። «ደግሞ የማይዋሽ ሰው ይሁን።»

ፌይዝ ራሱን አከከ። «ሀጂ፣ እውነቱን ልንገርዎ? ያለኝ ዘመድ አጎቴ አሬሮ ብቻ ነው። እሱ ከእኔ ይብሳል።»

ሀጂ አብዱራሺድ ከንፈራቸውን ነከሱ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ፣ ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ሳቅ፣ ጣቃዎቹን ሁሉ ያነቃ ሳቅ ሳቁ።

«አምኜሃለሁ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እሱኑ ላከው።»